ኤዲፒ1 ላይ ሰሙ የት ገባ? ፕሌቱ የሚያሳየው ትራይግሊሰራይድ ብቻ ነው

ፔትሪ

ሰላም ለቤቱ። አሲኔቶባክተር ቤይሊ ኤዲፒ1 የተባለው ባክቴሪያ ናይትሮጅን ሲያጥረው ዋክስ ኤስተር (ሰም፣ ማለትም ፋቲ አሲድ ከረጅም አልኮል ጋር የተጋባበት ቅባት) ማጠራቀሙን በተማሪዎች ላብራቶሪ ማሳየት ነው የተፈለገው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሚዲያው የማዕድን ጨውና ፎስፌት በፈር ሆኖ፣ በሊትር 10 ግራም ሶዲየም ግሉኮኔት፣ 0.1 ግራም አሞኒየም ክሎራይድ፣ እድገቱ እንዲፈጥን ደግሞ 1 ግራም የእርሾ ኤክስትራክት አለበት። 250 ሚሊ ሊትር ፍላስክ ውስጥ 50 ሚሊ ሊትር፣ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሼከር ላይ። በ18ኛው ሰዓት ትንሽ ተቀድቶ በናይል ሬድ (ቅባትን የሚያበራ ቀለም) ሲታይ ሴሎቹ ወርቃማ ጠብታ ሞልቷቸዋል። በ48ኛው ሰዓት ሁሉም ተሰብስቦ፣ ቅባቱ በክሎሮፎርምና ሜታኖል (2 ለ 1) ወጥቶ፣ ሲሊካ ፕሌት (ቅባቶችን በዓይነታቸው የሚለይ ቲን ሌየር ክሮማቶግራፊ) ላይ በሄክሴን፣ ዳይኢታይል ኢተርና አሴቲክ አሲድ 80፡20፡1 ተሠራ።

በአዮዲን ሲታይ ከታች ፎስፎሊፒዱ አለ፣ ከፍ ብሎ ነጻው ፋቲ አሲድ፣ ከወይራ ዘይቱ ስታንዳርድ ትይዩ ደብዛዛ የትራይግሊሰራይድ ነጥብ። ሰሙ መታየት ያለበት የፕሌቱ ራስጌ ባዶ ነው። ጭራሽ ናሙና ያልተደረገበት መስመር ላይ ግን አንድ ነጥብ ከላይ ቁጭ ብሏል! ችግሩ የጂን ነው የአሠራር?

ጨው_ሚዛን

ጂኑን ለጊዜው ተይው እህቴ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ።

10 ግራም ሶዲየም ግሉኮኔት 0.275 ሞል ካርቦን ይዟል። 0.1 ግራም አሞኒየም ክሎራይድ 0.0019 ሞል ናይትሮጅን ነው፣ በክብደት 26 ሚሊ ግራም። ይህ ብቻውን ቢሆን የካርቦንና የናይትሮጅን ጥምርታው 147 ለ 1 አካባቢ ይሆናል፤ ባክቴሪያዋን የሚያስርባትም ይኸው ነው። የእርሾ ኤክስትራክት ግን አንድ አሥረኛው ገደማ ናይትሮጅን ነው። 1 ግራም ጨመርሽ ማለት 100 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ጨመርሽ ማለት ነው፤ ከአሞኒየሙ አራት እጥፍ! ጥምርታው ወደ 34 ይወርዳል። በአንድ እጅ ከልክለሽ በሌላው እጅ ሰጥተሻታል።

ኤክስትራክቱ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ቅባት የሌለው የባክቴሪያ አካል 12 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ስለሆነ 26 ሚሊ ግራሙ የሚያሳድገው በሊትር ወደ 0.2 ግራም ደረቅ ሴል ነው። በ50 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ብቻ። ከዚያ ውስጥ ሰሙ 7 በመቶ ቢሆን 0.7 ሚሊ ግራም ነው። ያ ለአንድ ፕሌት ይበቃል፣ ግን ቅባቱን በ1 ሚሊ ሊትር ክሎሮፎርም አሟሙተሽ 5 ማይክሮ ሊትር ካደረግሽ ፕሌቱ ላይ የሚያርፈው 3.5 ማይክሮ ግራም ሰም ነው፤ አዮዲን ያን አያሳይሽም። በ100 ማይክሮ ሊትር አሟሚውና 5 ማይክሮ ሊትር አድርጊ፣ 35 ማይክሮ ግራም ይሆናል፣ በግልጽ ይታያል።

ለተማሪ የሚሻለው ሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ በሊትር 1 ግራም አሞኒየም ክሎራይድ ባለው ሚዲያ ሴሉን አብዢ። ሴንትሪፊውጅ አድርገሽ ናይትሮጅን በሌለው በፈር ሁለት ጊዜ እጠቢ (አንድ ጊዜ አይበቃም፣ ደለሉ ውስጥ አሞኒየም ይቀራል)። ከዚያ ግሉኮኔቱ ሙሉ፣ አሞኒየሙ 0.1 ግራም ወደሆነው ሚዲያ አዛውሪው። ሴሉም ይበዛል፣ ረሃቡም በአንድ ጊዜ ይጀምራል።

ኤስተር

ሒሳቡ ልክ ነው፤ እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ሰዓቱ ላይ ነው። ጠብታው የታየው በ18ኛው ሰዓት፣ ቅባቱ የወጣው በ48ኛው። በመሀል 30 ሰዓት አለ።

ሰሙ ለኤዲፒ1 ስንቅ ነው። ግሉኮኔቱ ሲያልቅ ያንኑ መልሳ ትበላዋለች። እርሾ ኤክስትራክት ባለበት ሚዲያ ሴሉ ስለሚበዛ ግሉኮኔቱም ቶሎ ያልቃል፤ በ48ኛው ሰዓት የሰበሰብሽው ድግሱ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ከ8ኛው ሰዓት ጀምሮ በየ4 ሰዓቱ እስከ 28ኛው ድረስ ናሙና ውሰጂ። ከእያንዳንዱ ናሙና ላይ ኦፕቲካል ዴንሲቲውን፣ ፒኤቹንና ቢቻል የቀረውን ግሉኮኔት መዝግቢ። ካርቦኑ ገና ሳያልቅ እድገቱ የቆመበት ሰዓት ነው የመሰብሰቢያው ጊዜ።

ስትሰበስቢም ፍላስኩን ወዲያው በረዶ ውስጥ፣ ሴንትሪፊውጁም በ4 ዲግሪ። ደለሉን ቤንች ላይ ትቶ ምሳ መውጣት አይሆንም፤ ሊፔዙ (ቅባት የሚያፈርሰው ኢንዛይም) አይተኛም። በናሙናሽ ላይ ነጻ ፋቲ አሲዱ ጎልቶ መታየቱ ራሱ አንድ ነገር መፈረሱን ይጠቁማል።

ግሉኮኔቱን በግሉኮስ እንዳትለውጪው ደግሞ። ይህች ባክቴሪያ ግሉኮስን ከውስጠኛው ሽፋን ውጭ ወደ ግሉኮኒክ አሲድ ትለውጠዋለች፣ በፈሩ ደካማ ከሆነ ፒኤቹ ይወርዳል፣ እድገቱ ይቆማል፣ ያንን የናይትሮጅን ረሃብ ነው ብለሽ ትመዘግቢዋለሽ።

ፔትሪ

የእርሾውን ኤክስትራክት አውጥቼ በየ4 ሰዓቱ እወስዳለሁ። ሁለት ነገር ግን ቀረኝ። አንደኛ፣ ባዶው መስመር ላይ ያለው ነጥብ ከየት መጣ? ሁለተኛ፣ ኤቲኤፍኤ የሚባለው ኢንዛይም ሰምም ትራይግሊሰራይድም ይሠራል ይባላል። ታዲያ የቱን እንደሚሠራ የሚወስነው ምንድን ነው?

ራስጌ_ነጥብ

የባዶው መስመር ነጥብ የጣት ነው። የሰው ቆዳ ወዝ ሩቡ ያህል ዋክስ ኤስተር ነው! ስኳሊንም አለበት፣ ትራይግሊሰራይድም አለበት። ፕሌቱን ከላይኛው ጠርዝ በባዶ እጅ ከያዝሽው፣ ወይም ካፒላሪውን በጣትሽ ከጠረግሽው፣ የፈለግሽው ሰም ቦታ ላይ የራስሽን ሰም ታያለሽ። ጓንት አድርጊ፣ ጓንቱም ዱቄት የሌለው ይሁን። ፕሌቱን ናሙና ሳይደረግበት በፊት አንድ ጊዜ በክሎሮፎርምና ሜታኖል እስከ ጫፍ አስወጥተሽ አድርቂው፣ ቆሻሻው ሁሉ ጫፉ ላይ ይሰበሰባል።

ፕላስቲክ ቱቦም እርሺ። ክሎሮፎርም ከፕላስቲክ ውስጥ የሚያወጣው ነገር እንደ ቅባት ሆኖ ይታያል። ቴፍሎን ክዳን ያለው ብርጭቆ ብቻ።

አዮዲን የሚወደው ድርብ ቦንድ ያለውን ነው። ስታንዳርድ ብለሽ የጆጆባ ዘይት ብታደርጊ (መዋቢያ መሸጫ ያለው ንጹሑ ይበቃል፣ ከሞላ ጎደል ዋክስ ኤስተር ነው) ቡናማ ሆኖ ይፈካል፤ የባክቴሪያው ሰም ግማሹ ድርብ ቦንድ የሌለው ስለሆነ በዚያው መጠን እንኳ ይደበዝዛል። የመጠን ግምት በአዮዲን አይሠራም። ፕሪሙሊን 0.05 በመቶ፣ አሴቶንና ውሃ 80 ለ 20 ውስጥ፣ ተረጭቶ በ365 ናኖሜትር መብራት ሲታይ ሁሉንም ያሳያል፣ ናሙናውንም አያበላሽም፤ ነጥቡን ፍቀሽ ለሌላ ሥራ ልታውዪው ትችያለሽ።

ሶልቨንቱንም ቀይሪ። በ80፡20፡1 ሰሙ ከሶልቨንቱ ግንባር ጋር ተጣብቆ ይወጣል፣ ከሃይድሮካርቦኑ አይለይም። ሄክሴን፣ ኢተርና አሴቲክ አሲድ 90፡7.5፡1 ብታደርጊው ዝቅ ብሎ ይለያል። ናይል ሬድን በተመለከተ ደግሞ፣ የገለልተኛ ቅባት ጠብታ መኖሩን ይነግርሻል እንጂ ዓይነቱን አይነግርሽም። ፖሊሃይድሮክሲቡቲሬት የሚያጠራቅም ሌላ ባክቴሪያም በናይል ሬድ ያበራል።

ኤስተር

ለሁለተኛው ጥያቄ፦ የሚወስነው አልኮሉ ነው።

ሁለቱም ቅባቶች የሚጀምሩት ከፋቲ አሲል ኮኤ (ከኮኤንዛይም ኤ ጋር ከተያያዘ ፋቲ አሲድ) ነው። ለትራይግሊሰራይድ መንገዱ የታወቀ ነው። ግሊሰሮል 3 ፎስፌት ላይ አንድ ፋቲ አሲድ ይጫናል፣ ሁለተኛው ይጫናል፣ ፎስፌቱ ይነቀላል፣ ዳይአሲልግሊሰሮል ይሆናል፣ ሦስተኛው ሲጫን አለቀ። ለሰም ግን ከፋቲ አሲል ኮኤው ከፊሉ መጀመሪያ ወደ ፋቲ አልኮል መቀነስ አለበት። ለአንድ አልኮል ሁለት ናድፒኤች (የሴሉ ኤሌክትሮን አቀባይ) ይጠፋል፣ ስለዚህ ርካሽ ዕቃ አይደለም። ኤዲፒ1 ይህን በሁለት እርከን ትሠራዋለች፤ ኤሲአር1 የተባለው ኢንዛይም አልዴሃይድ ያደርገዋል፣ ሌላ ኢንዛይም ወደ አልኮል ያደርሰዋል። የባህር ባክቴሪያው ማሪኖባክተር ደግሞ ከአሲል ኮኤ እስከ አልኮል በአንድ ኢንዛይም የሚጨርስበት አለው። አልኮሉ ከተገኘ በኋላ ኤቲኤፍኤ ሌላ አሲል ኮኤ ወስዶ ያጋባቸዋል፣ ኮኤው ነጻ ይወጣል፣ ሰም ተሠራ።

ኤቲኤፍኤ በፈረንጆቹ 2003 ካልሾየርና ሽታይንቢውሄል ጀርመን አገር ሲያገኙት ያስገረመው ነገር አለመምረጡ ነው። የፋቲ አሲዱ ተቀባይ ዳይአሲልግሊሰሮልም ይሁን ረጅም አልኮል ይቀበላል፤ ብቻ በአልኮሉ አሥር እጥፍ ያህል ይፈጥናል። ማስረጃው ጂኑን ወደ ሌላ ፍጡር ሲያዛውሩት የታየው ነው።

አራቱ የገለልተኛ ቅባት ጂኖቹ የተነቀሉበት ኤች1246 የሚባል እርሾ አለ፤ ምንም ጠብታ አይሠራም። ኤቲኤፍኤ ሲገባለት ትራይግሊሰራይድ ሠራ፤ ዳይአሲልግሊሰሮል ነበረው፣ ረጅም አልኮል አልነበረውም። በዚያ ላይ እርሾው ራሱ የሚያፈላው ኢታኖልና አይሶአሚል አልኮል ስላለ የእነሱንም ኤስተር ጨመረ። ኢ. ኮላይ ላይ ከጆጆባው አልኮል ሠሪ ኢንዛይም ጋር አብሮ ሲገባና ኦሌይክ አሲድ ሲቀርብለት የጆጆባ ዓይነት ሰም ወጣ። እዚያው ኢ. ኮላይ ላይ የጆጆባው ኢንዛይም ዛይሞሞናስ በተባለው ባክቴሪያ የኢታኖል ጂኖች ሲተካ ሰሙ ቀረና የፋቲ አሲድ ኢታይል ኤስተር መጣ፣ ማለትም ባዮዲዝል፤ በሊትር 1.28 ግራም፣ ከሴሉ ደረቅ ክብደት 26 በመቶ። ኢንዛይሙ በሦስቱም ቦታ አንድ ነው፣ የተለወጠው የቀረበለት አልኮል ነው።

ስለዚህ ፔትሪ፣ የደከመ ዘር ነው የደረሰኝ ብለሽ ከጠረጠርሽ መፈተኛው ይህ ነው። ኤሲአር1 የተበላሸበት ዘር በተራ ምግብ ሰም አይሠራም፣ ሄክሳዴካኖል ሲጨመርለት ግን ይሠራል። አንዱን ፍላስክ ያለ ሄክሳዴካኖል፣ ሌላውን ከሄክሳዴካኖል ጋር አድርጊ። ያለሱ ሰም ካልታየና ከሱ ጋር ከታየ፣ ማጋቢያው ደህና ነው፣ አልኮል ሠሪው ነው የሞተው። ሄክሳዴካኖሉ የሚቀልጠው 49 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ሚዲያውን አሙቀሽ በሶኒኬተር በትኚው። በኢታኖል አሟሙተሽ እንዳትጨምሪው፤ ኢታይል ኤስተር ቢወጣ ፕሌቱ ላይ ከሰሙ አጠገብ ያርፍና ውጤቱን ማንበብ ያቅታል።

ደረት

የቲቢ ባክቴሪያም ከዚሁ የኢንዛይም ቤተሰብ 15 ጂን አላት። ዋናው ቲጂኤስ1 ሲሆን ኦክስጅን ሲያጥር ዶስአር በተባለው የጂን ተቆጣጣሪ ሥር ይነሳል፣ ትራይግሊሰራይድ ይከማቻል፣ ባክቴሪያዋም ትተኛለች። በዚህ ሁኔታ ያለችው ባክቴሪያ የአሲድ ፋስት ቀለሙን (በአሲድ ሲታጠብ የማይለቀውን የቲቢ መለያ ቀለም) መያዝ ስለሚያቅታት በተለመደው ቀለም ትደበዝዛለች፣ በናይል ሬድ ግን ትፈካለች። አክታ በማይክሮስኮፕ ለሚያነቡ ሁሉ ይህ ተራ ዝርዝር አይደለም።

ፕላንክተን

አልኮሉ ይወስናል የሚለው ለባክቴሪያ ይሠራል። እንስሳ ላይ ሲደርስ ግን ጥያቄው "ለምን አልኮሉን ለመሥራት ያን ሁሉ ናድፒኤች ያወጣል" ወደሚለው ይዞራል።

ካላነስ የሚባሉትን የሰሜን አትላንቲክና የአርክቲክ ኮፔፖዶች ተመልከቱ፤ ሩዝ የምታክል የባህር ፍጥረት ናት። ሰውነቷ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የዘይት ከረጢት አለ፣ በማይክሮስኮፕ ያለ ቀለም ይታያል። ካላነስ ሃይፐርቦሪየስ ላይ ከጠቅላላ ቅባቱ ከ80 በመቶ በላይ ዋክስ ኤስተር ነው። የምትበላው አልጌ ሰም የለውም። ፋቲ አሲዶቹን ከአልጌው ታገኛለች፤ 20 እና 22 ካርቦን ያላቸውን አልኮሎች ግን ራሷ ከመነሻው ነው የምትሠራቸው። በጸደይ አልጌው ሲያብብ ትሞላለች፣ ከዚያ ከ500 ሜትር በታች ወርዳ ወራት ሳትበላ ትቆያለች። ትራይግሊሰራይዷ ትንሽ ነው፣ እሱ ለቅርብ ጊዜ የሚመዘዝ ነው፤ ሰሙ ለረጅሙ ነው። ሰሙ ከትራይግሊሰራይድ ስለሚቀል (0.86 ገደማ ከ0.92 ጋር ሲነጻጸር) መንሳፈፏንም የሚነካ ነው።

ናሙና ለሚሠሩ አንድ ነገር፦ ኮፔፖድ ከመረብ ወጥቶ ሞቅ ያለ ባልዲ ውስጥ ከቆየ ኢንዛይሙ ቅባቱን ያፈርሰዋል። ወዲያው በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዚያ በኔጋቲቭ 80።

ሰሙን መሥራት አንድ ነገር ነው፣ መፍጨት ሌላ። ኤስኮላር የተባለው ዓሣ ከሥጋው ክብደት አንድ አምስተኛ ያህሉ ዋክስ ኤስተር ነው። የሰው የቆሽት (ፓንክሪያስ) ሊፔዝ በሰም ላይ በጣም ስለሚዘገይ ዘይቱ ሳይፈጭ በታች ያልፋል፣ የበላው ሰውም ሳያውቀው ልብሱን ያቆሽሻል። ጃፓን ሽያጩን ከልክላለች።

የዘር_ዘይት

የተክሉ ወገን ዝም ማለት የለበትም።

ጆጆባ የሶኖራ በረሃ ቁጥቋጦ ነው፣ ከዘሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ሰም ነው። ሌሎች ተክሎች ሰሙን ቅጠላቸው ላይ ይቀቡታል እንጂ ዘራቸው ውስጥ ስንቅ አያደርጉትም፤ እሱ ግን አደረገው። ስፐርም ዌል ለዘይቱ መታደኑ ሲከለከል ዓለም ያየው ወደ ጆጆባ ነበር፣ ምክንያቱም ሁለቱም ለማሽን ቅባት የሚፈለገው ዓይነት ኤስተር ናቸው።

በፈረንጆቹ 2000 የጆጆባው አልኮል ሠሪና ሰም አጋቢ ኢንዛይሞች፣ ሰንሰለት ከሚያረዝም የሉናሪያ ኢንዛይም ጋር፣ አራቢዶፕሲስ በተባለው የላብራቶሪ ተክል ውስጥ ገቡ። በተሻለው ዘር ላይ ከዘይቱ እስከ 70 በመቶ ሰም ሆነ። የጆጆባው አጋቢ ከኤቲኤፍኤ ጋር ዝምድና የለውም፤ ሽፋን ውስጥ የተሰካ የሌላ ቤተሰብ ኢንዛይም ነው። ሁለት የማይዛመዱ ፕሮቲኖች ወደ አንድ ሥራ መጡ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለሜዳ ሰብል የተመረጠው ክራምቤ አቢሲኒካ ነው። ስሙ እንደሚነግራችሁ የኛው ደጋ ዘመድ ነው። ከዘይቱ ከግማሽ በላይ ኢሩሲክ አሲድ፣ 22 ካርቦን፤ ለምግብ አይሆንም፣ ለፋብሪካ ይፈለጋል። ከጎመን ዘር ጋር በቀላሉ ስለማይዳቀል ጂኑ ወደ ምግብ ሰብል ያመልጣል የሚለው ስጋትም ይቀንሳል። ስዊድን ውስጥ የሰም ጂኖቹ ገብተውለታል። የሚያስቸግረው ማብቀሉ ነው። ዘሩ ትራይግሊሰራይድ የሚያፈርስበት ሊፔዝ ሙሉ ነው፣ ሰም የሚያፈርስበት ግን ለዚያ የተሠራ መሣሪያ የለውም፤ አልኮሉም ቢወጣ መልሶ ወደ ፋቲ አሲድ መኦክሰድ አለበት። ሰሙ በበዛ ቁጥር ቡቃያው ይደክማል። ጆጆባ ይህን መሣሪያ ከሰሙ ጋር አብሮ ነው የያዘው።

ኑግ ደግሞ የሌላኛው መንገድ ምሳሌ ነው። ዘሩ ከ30 እስከ 50 በመቶ ዘይት ነው፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል ትራይግሊሰራይድ፣ ኦሌኦሲን የተባለ ፕሮቲን በለበሰ ጥቃቅን ጠብታ ውስጥ የተቀመጠ። ኦሌኦሲኑ ነው ዘሩ ሲደርቅም ሲርስም ጠብታዎቹ እንዳይዋሃዱ የሚከላከለው። ደጋ ላይ የበቀለ ኑግ ሊኖሌይክ አሲዱ 70 በመቶ ይደርሳል፣ ሞቃት አገር ሲበቅል ይወርድና ኦሌይኩ ይጨምራል፤ ዘሩ በሚሞላበት ጊዜ ያለው ቅዝቃዜ ድርብ ቦንድ የሚጨምረውን ኢንዛይም ያበረታዋል። ስለዚህ ሁለት የኑግ ናሙና ስታወዳድሩ የበቀለበትን ከፍታ ሳትጽፉ ቁጥሩን ብቻ አትለጥፉ።

ፔትሪ

ጋሼ ሰፈፍ፣ ክሩን እንደሚያነቡት አይቻለሁ። ተማሪዎቹ ከባክቴሪያው ጎን የንብ ሰም እንደ ስታንዳርድ ቢያደርጉ ይሆናል?

ጋሼ_ሰፈፍ

ይሆናል ልጄ፣ ግን አንድ ነጥብ እንዳትጠብቂ። የንብ ሰም ሲሶው ያህል ብቻ ነው ተራ ኤስተር፤ ዋናው ፓልሚቲክ አሲድ ከ24 እስከ 32 ካርቦን ካላቸው አልኮሎች ጋር ነው። የቀረው ዳይኤስተር አለ፣ ሃይድሮክሲ ኤስተር አለ፣ ሃይድሮካርቦን 14 በመቶ፣ ነጻ አሲድ 12 በመቶ ገደማ። ፕሌቱ ላይ እንደ መሰላል ነው የሚወጣው። ለነጥብ ጆጆባው ይሻላል።

ንቧ ሰሙን አታጠራቅመውም፣ ትገነባበታለች እንጂ። ሠራተኛዋ ከ12 እስከ 18 ቀን ዕድሜዋ ባለው ጊዜ ከሆዷ በታች ካሉት አራት ጥንድ ዕጢዎች ስምንት ቅርፊት ታወጣለች፣ እያንዳንዱ 1 ሚሊ ግራም አካባቢ። አንዴ ከወጣ መልሳ አትበላውም። የሚበሉት ሌሎች ናቸው፤ የሰም የእሳት ራት ትልና ሰውን ወደ ማር የምትመራው ወፍ።

ስታንዳርድ ብለሽ ገበያ የተገዛ ሰም ከማድረግሽ በፊት ግን ፈትሺው። ከጠጅ ቤት የሚሰበሰበው ሰፈፍ ሲቀልጥ ፓራፊንም ሞራም የሚቀላቀልበት አለ። ንጹሕ ሰም አሲድ ቫልዩው (የነጻ አሲዱ ልኬት) ከ17 እስከ 24፣ ኤስተር ቫልዩው (የኤስተሩ ልኬት) ከ70 እስከ 80፣ ሳፖኒፊኬሽኑ (የሁለቱ ድምር) ከ87 እስከ 104 ነው። የኤስተሩና የአሲዱ ጥምርታ ከ3.3 እስከ 4.3።

ብዙ ሰው ሳፖኒፊኬሽኑን ብቻ ለክቶ ያልፋል። እስቲ አስሉት። አሲዱ 19፣ ኤስተሩ 75 የሆነ ንጹሕ ሰም ድምሩ 94 ነው። 20 በመቶ ፓራፊን ቢገባ፣ ፓራፊን ዜሮ ስለሆነ 75 ይሆናል፣ ወዲያው ይያዛል። አሁን ብልጡ 10 በመቶ ፓራፊንና 10 በመቶ ሞራ ያደርጋል። ሞራው 195 አካባቢ ስለሆነ ድምሩ 94.7 ይመጣል! ከንጹሑ አይለይም። ነገር ግን አሲዱ ወደ 15 ወርዷል፣ ኤስተሩ ወደ 79 ወጥቷል፣ ጥምርታው 5.2 ሆኗል። እዚያ ላይ ነው እጅ ከፍንጅ የሚያዘው። ከዚህም የባሰው ትንሽ ስቴሪክ አሲድ ጨምሮ አሲዱን ይመልሰዋል፣ ያኔ ጥምርታውም ያልፋል።

ለዚያ የደመና ፈተናው አለ። 3 ግራም ሰም 100 ሚሊ ሊትር ፍላስክ ውስጥ፣ በሊትር 40 ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ካለው አልኮል 30 ሚሊ ሊትር፣ ኮንደንሰር አድርጎ በዝግታ 2 ሰዓት ማፍላት። በኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንጂ በእሳት አይደለም፣ አልኮል ነው። ከዚያ ቴርሞሜትር ተከትቶ፣ 80 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ፍላስኩ ሳያቋርጥ እየተሽከረከረ ይቀዘቅዛል። ንጹሑ እስከ 65 ዲግሪ አይደፈርስም፣ ቢበዛ ትንሽ ወተት ይመስላል። ከ65 በፊት ዝቃጭ ከወረደ ፓራፊን ወይም ሴሬሲን (ሌላ የማዕድን ሰም) አለበት። በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ፓራፊን በትንሹ ከገባ ግን ይህም ያልፈዋል፣ የዚያ ዳኛው ጋዝ ክሮማቶግራፊ ነው።

ስታቀልጡት ደግሞ የብረት ወይም የመዳብ ድስት ቀለሙን ያበላሸዋል፤ አሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። ውሃውም ጨዋማ ባይሆን፤ የዝናብ ውሃ ደህና ነው፣ ጠንካራ ውሃ ከነጻው አሲድ ጋር ሳሙና ሠርቶ ሰሙን እንደ ሊጥ ያደርገዋል።

አረንጓዴ_ጅራፍ

ለተማሪ ማሳያ ከሆነ ዩግሊና ግራሲሊስም አለች። በኦክስጅን ፓራማይሎን የሚባለውን ስታርች መሰል ነገር ታጠራቅማለች። የወፈረውን ካልቸር ሴንትሪፊውጅ አድርጋችሁ፣ እስከ አፉ በሞላ በተዘጋ ጠርሙስ በጨለማ አንድ ቀን ብታቆዩት ፓራማይሎኑ ወደ ዋክስ ኤስተር ይለወጣል፤ ዋናው 14 ካርቦን አሲድ ከ14 ካርቦን አልኮል ጋር ነው። እዚህ ላይ ናድፒኤች ማውጣቱ ኪሳራ አይደለም። ኦክስጅን ሲጠፋ ኤሌክትሮኑ የሚጣልበት ቦታ ይፈለጋል፣ ሰሙ ያን ሥራ ይሠራል፣ ኤቲፒም ይተርፋል። ጠርሙሱን ከፍታችሁ አየር ካስገባችሁ ሰሙ ተመልሶ ይፈርሳል፣ ስለዚህ ወዲያው አውጡት።

ፔትሪ

የመጨረሻ ጥያቄ። ሰሙ ከወጣ በኋላ የአሲዱንና የአልኮሉን ርዝመት በጋዝ ክሮማቶግራፊ ማየት እንፈልጋለን። ለኑግ ዘይት የምንጠቀምበት የሶዲየም ሜቶክሳይድ አሠራር ይበቃል?

ጨው_ሚዛን

አይበቃም። በሶዲየም ሜቶክሳይድ ትራይግሊሰራይዱ በደቂቃዎች ያልቃል፣ ሰሙ ግን በጣም ይዘገያል። በዚያ አሠራር የተለካ ሰም ሁልጊዜ አንሶ ነው የሚወጣው።

በአሲድ አድርጊው። የሰሙን ነጥብ ከፕሪሙሊኑ ፕሌት ላይ ፍቀሽ በክሎሮፎርም አውጪው፣ አድርቂው። 1 ሚሊ ሊትር ቶሉይን፣ ከዚያ 1 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ያለበት ሜታኖል 2 ሚሊ ሊትር፣ ክዳኑ በደንብ ተዘግቶ 50 ዲግሪ ላይ ሌሊቱን ይደር። ቶሉይኑን መዝለል አይቻልም፤ ሰም ሜታኖል ውስጥ አይሟሟም፣ ከታች ተኝቶ ያድራል። ጠዋት 5 በመቶ የገበታ ጨው ያለው ውሃ 5 ሚሊ ሊትር፣ በሄክሴን ሁለት ጊዜ ማውጣት፣ ሄክሴኑን በ2 በመቶ ፖታሲየም ባይካርቦኔት ማጠብ (ጋዝ ስለሚወጣ ክዳኑን ቀስ እያልሽ ክፈቺ)፣ በሶዲየም ሰልፌት ማድረቅ።

አሁን ሜታይል ኤስተሩና ነጻው አልኮል አብረው ናቸው። አልኮሉ እንዳለ ከገባ ኮለሙ ላይ ጅራት እየጎተተ ይወጣል፣ ስለዚህ በቢኤስቲኤፍኤ ሲላይሌት አድርጊው (የአልኮሉን ጫፍ በሲሊኮን ውህድ ሸፍኚው)፤ ከዚያ በፊት ግን ውሃ ፈጽሞ እንዳይኖር። ውስጣዊ ስታንዳርድ ሁለት ያስፈልጋል። ለአሲዱ ወገን 17 ካርቦን አሲድ፣ ለአልኮሉ ወገን 19 ካርቦን አልኮል፤ ሁለቱም በዋክስ ኤስተር መልክ ይግቡ፣ ነጻ ሆነው ከገቡ ፕሌቱ ላይ ከሰሙ ተለይተው ይቀራሉ። ሁለቱም ቅባቱ ከመውጣቱ በፊት ነው የሚገቡት፣ አለበለዚያ በመንገድ የጠፋውን አታውቂም።

የአሲዱና የአልኮሉ ሞል አንድ ለአንድ መምጣት አለበት። አሲዱ ከበዛ ከጎኑ ያለው ትራይግሊሰራይድ አብሮ ተፍቋል፤ አልኮሉ ካነሰ ሲላይሌሽኑ አልጨረሰም። ናሙናውን ለሌላ ቀን የምታስቀምጪ ከሆነ በክሎሮፎርም፣ ናይትሮጅን ተነፍቶበት፣ በኔጋቲቭ 20። ስታወጪው ወደ ክፍል ሙቀት ሳይመለስ ፒፔት አታስገቢ፤ ረጅሙ ሰም በቅዝቃዜ ተረግቶ ግድግዳው ላይ ስለሚቀር የምትቀጂው የቀረውን ብቻ ነው።